በሩ ላይ አሥራ ሁለት ደቂቃ

በእኛ ሕንፃ አንድ ልጅ ያለ ዓይን መቆየት የሚችለው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። አሥራ ሦስተኛው ደቂቃ የመንግሥት ነው።

ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁሉ አንገትጌው ላይ አዝራር አለው። የተመዘገበ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ዓይኑን ሲያሳርፍበት አዝራሩ አረንጓዴ ነው። ዓይን ሲነሳበት ስድስት ደቂቃ ይታገሥና ቢጫ ይሆናል። ሌላ ስድስት ደቂቃ ታግሦ ይቀላል። ሲቀላ ሰማያዊዋ መኪና ያለ ሹፌር መጥታ ሕንፃው በር ላይ ትቆማለች። አትጮህም፣ አትቸኩልም፤ መብራቷን ብልጭ ድርግም እያደረገች ትጠብቃለች። አንድ ቀይ ያለበት ወላጅ የሦስት ቀን ትምህርት ይማራል። ሁለት ቀይ ያለበት ሁለት ሳምንት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ቀይ የሞላበት ወላጅ ግን ትምህርት የለበትም፤ ልጁ ለዓመት ወደ ማቆያው ይገባል፣ ወላጅ በየአሥራ አምስት ቀኑ በመስታወት ያየዋል። መስታወቱ በጣም ንጹሕ ነው ይላሉ።

ሰው የማይለምደው የለም። ባልና ሚስት በእኛ ሕንፃ ሲጣሉ እንኳ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ልጁ አዙረው ነው የሚሰዳደቡት። ሃምሳ ዓመት ያለፈን ሰዎች ደግሞ በሳምንት ስድስት ሰዓት የዓይን ግዴታ አለብን። የእኔን የምወጣው ከሊፍት ጥገናዬ በተረፈኝ ሰዓት ነው። መኪናው ያለ ሹፌር ይሄዳል፣ አውሮፕላኑ ያለ አብራሪ ይበራል፤ የእኛ ሊፍት ግን ያለ እኔ አንድ ፎቅ አይወጣም።

ህሊና ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት ትኖራለች። ባሏ አፋር በረሃ የባትሪ ጨው ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው ለበዓል ነው። ልጇ የሺመቤት አራት ዓመቷ ነው። ዛሬ ዛሬ የጥንት ስም ነው ፋሽኑ። ግቢው ውስጥ የሚንጫጩት ሕፃናት የሺመቤት፣ በላቸው፣ ወርቅነሽ ይባላሉ፤ ወገባችንን ይዘን የምንቀመጠው እኛ ደግሞ እነ ኢዮስያስ፣ እነ ኤልዳና ነን።

የህሊና ሥራ ለወላጆች የሞግዚት ቀጠሮ የሚይዝ አፕ መሥራት ነው። ጎበዝ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ሐሳቧም ንጹሕ ነው። ዘንድሮ ሁለት ቀይ ተቆጥሮባታል። ሁለቱንም ያገኘችው በዚሁ አፕ ሰበብ ነው። የመጀመሪያው የመጣው፣ የሺ እግሯ ሥር ተቀምጣ ስትጫወት፣ እሷ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ “ልጅ ያለ ዓይን አይቅር” የሚለውን ጽሑፍ ቀለም ስትቀባ ነው። ሁለተኛው የመጣው የመጀመሪያው ለምን እንደመጣ ለልጅ ሰዓት ቢሮ ማብራሪያ ስትጽፍ ነው።

አንድ አርብ ጠዋት ሊፍቱ ውስጥ ግማሽ አካሌን በጣራው ቀዳዳ አውጥቼ ስሠራ፣ እግሬን ጎተት አደረገችኝ።

“ጋሽ ኢዮስያስ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።”

“አስቸግሪኝ እንጂ። ማን ተመችቶት ይኖራል?”

ወረድኩላት። የሺ ጎኗ ቆማለች፤ እናቷ እያወራችኝ ዓይኗን ከልጇ ላይ አላነሳችም። ከሰው ጋር እንዲህ መነጋገር ዛሬ ነውር አይደለም፤ ድሮ ቢሆን “ንቃኛለች” እል ነበር።

“አፑን ጨርሻለሁ” አለችኝ። “‘አለሁ’ ነው ስሟ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ከቢሮ ፈታሽ ይመጣል። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የሕንፃችንን አሥራ ዘጠኝ ልጆች በሙሉ እሷ ታከፋፍላለች። አንድም ካልቀላ ቢሮው ይወስዳታል፣ ሁለቱ ቀይም ይፋቅልኛል።”

“ቢቀላስ?”

“የሌላ ሰው ልጅ ከቀላ አፑ ይወድቃል። የኔዋ ከቀላች ደግሞ . . .” አልጨረሰችውም። የሺ የሊፍቱን ቁልፎች አንድ በአንድ እየተጫነች ነበር፤ ሁሉም በርተው የትም አልሄድንም።

“እኔ ምን ልርዳሽ?”

“ሽማግሌዎቹን ያግባቡልኝ። በድምፅ ነው የምታናግራቸው፤ አትከብድም። አጥንቷን ከውጭ ነው የገዛሁት፤ ሥጋውን ያለበስኳት እኔ ነኝ።”

ያን ጊዜ “አጥንቷ አማርኛ ያውቃል ወይ?” ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ቅዳሜ ተሞከረች። አለሁ በየቤቱ በለስላሳ ድምፅ ወላጆችን ጠየቀች፦ “ሞግዚት ልላክልዎት?” አሥራ ዘጠኙም ወላጆች አንድ ዓይነት መልስ መለሱ፦ “ኧረ ተዪ፣ ሰው አታስቸግሪ! እኛው እንሆናለን።” አለሁ “አይፈልጉም” ብላ መዘገበች። ቀጥላ እኛን ሽማግሌዎቹን ጠየቀች። “ምን ችግር አለ! ለልጅ እኮ ነው!” አልናት። “ይመጣሉ” ብላ መዘገበች። አራት ሰዓት ላይ ሞግዚት እየፈለጉ አልፈልግም ያሉ ወላጆች በር በሩን እያዩ ቆይተው ወደየጉዳያቸው ሄዱ፤ እንመጣለን ያልን ሽማግሌዎች በየሥራችን ተበተንን። ሰባት አዝራር ቢጫ ሆነ። ወላጆች ከየሥራቸው ተጠራርተው እየሮጡ ደርሰው ነው የተረፈው።

እትዬ ኤልዳና ከገበያ ጎመን ታቅፋ ስትመለስ ህሊና ደረጃው ላይ ያዘቻት። ስድስተኛ ፎቅ ናት፣ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሕንፃው ልጆች ግማሹ እሷ እጅ ላይ ነው መራመድ የጀመረው።

“እትዬ ኤልዳና፣ እሺ ብለው አልነበረም እንዴ?”

“ብያለሁ።”

“እና ለምን አልመጡም?”

“እንዴ! እሺ ያልኩት እኮ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ነው” አለች፣ ጎመኑን ወደ ሌላኛው እጇ እያዛወረች።

ህሊና ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ መጥቷል። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

“ልጄ፣ አንቺ እዚሁ አይደለሽ ያደግሽው? ሰው ቤት ሄደሽ ‘ምሳ ብዪ’ ሲሉሽ መጀመሪያ ምን ትያለሽ?”

“በልቻለሁ።”

“በልተሻል?”

“አልበላሁም።”

“እና ያቺ አፕሽ ብትሆን ምን ታደርጋለች?”

ትንሽ አሰበች። “ሳህኑን ታነሳዋለች” አለች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። ሮጣ ገባች።

ሦስት ቀን ሠራች፤ እኔና እትዬ ኤልዳና እየተፈራረቅን የሺን ያዝንላት። አለሁ ልመና ተማረች። አንዴ “አይ” ሲሏት እንዳልሰማች ታልፋለች፤ ሁለተኛ ሲሏት ትማጸናለች፤ ሦስተኛ ላይ ታስምላለች። መጀመሪያ የተሞከረችው እትዬ ኤልዳና ላይ ነው። እኔም በቦታው ነበርኩ።

“እትዬ ኤልዳና፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት የሺመቤትን ይይዙልኛል?”

“ኧረ ዛሬስ ወገቤን አሞኛል።”

“እግዚአብሔር ይማርዎት። ተቀምጠው ነው የሚይዟት።”

“ልብስም ዘፍዝፌያለሁ።”

“በሞቴ።”

“አንቺ ደግሞ የምን ሞት አለሽ?”

ህሊና “መልስ እየፈለገች ነው” ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ።

“ኃይል ሲያልቅብኝ እሞታለሁ” አለች አለሁ።

እትዬ ኤልዳና ደረቷን ደቃች። “እኔን! በይ እሺ። እሺ አልኩሽ፤ አትሙቺ!”

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድም አዝራር ቢጫ አልሆነም። ሕንፃው ተደሰተ። እኔም ኮራሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቆመ ሰው ምክር እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል?

አለሁ ግን ከእኛ ሁላችን ይልቅ ቶሎ ትማራለች። ማን በምን እንደሚሸነፍ ያዘች። ከታች ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሪያድ በልጆቻቸው ከተለመኑ እንደ ቅቤ ይቀልጣሉ። እኔን “ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?” ስትለኝ እጄ ላይ ያለው መፍቻ ይወድቃል። ልመና እንደሚሠራ ከገባት ወዲያ ማቆሚያውን አላወቀችውም። ሰኞ ማታ ህሊና መዝገቡን ስታየው ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት አራት ሞግዚት ተይዞለታል።

“ጋሽ ኢዮስያስ፣ በዝቷል መሰለኝ።”

“ዓይን ቢበዛ ምን ይጎዳል?” አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ፈታሹ አቶ ኬብሮን መጣ። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ቀጭን ነው፣ ኮቱ ከእሱ ይልቅ የቢሮው ይመስላል። ሰርግና ለቅሶ የምንቀመጥበት የምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ህሊና ግድግዳው ላይ አሥራ ዘጠኝ አረንጓዴ ነጥብ አበራችለት። ወንበር ስትስብለት “ኧረ ቆሜ ይሻለኛል” አለ፤ ሁለተኛ ስትለው “አይ አይገባም” አለ፤ ሦስተኛ ላይ ተቀመጠ። ሰውየው የእኛው ሰው መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

ደንቡ ህሊና እስከ ስድስት ሰዓት ከግድግዳው ፊት እንዳትንቀሳቀስ ይላል። የሺ ላይ ቤት ከእትዬ ኤልዳና ጋር ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሁሉም ሰላም ነበር። አቶ ኬብሮን ሁለቴ “ጥሩ ነው” ብሎ ጽፏል። ለአራት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው አለሁ ከግድግዳው ውስጥ ተናገረች።

“አቶ ኬብሮን፣ ከአራት ሰዓት ጀምሮ የሺመቤትን ለአንድ አፍታ ይይዙልኛል?”

ህሊና ደነገጠች። “እሱን አይደለም! አቁሚ!” ነካካቻት፤ አለሁ ግን የጀመረችውን ልመና ሳትጨርስ የምታቆም አይደለችም።

“እኔ ለፍተሻ ነው የመጣሁት” አለ አቶ ኬብሮን።

“አውቃለሁ። ግን ከወረቀት ላይ ከማንበብ በዓይንዎ ቢያዩት?”

“ኧረ አይሆንም፣ ደንብ አለ።”

“በሞቴ።”

ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረ። “እንግዲህ . . . ይሁን” አለ። ህሊና ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ እኔም ለዚያችው ሰዓት ተይዣለሁ። አብሬው ወጣሁ። ሊፍቱ አላሳፈረኝም።

ስምንተኛ ፎቅ ስንደርስ ሐጂ ሪያድ በደረጃ ወጥተው እያለከለኩ በሩ ላይ ቆመዋል። እሳቸውም ተይዘዋል። አንኳኳን። እትዬ ኤልዳና በሩን ከፈተች፤ እንግዳ መምጣቱን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ ልትቀበለን ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ከኋላዋ ቀረ። የሺ ውስጥ ብሎኳን እየደረደረች ነው።

አሁን ሳስበው ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው ያኔ ነው።

“እንደምን አደራችሁ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አደሩ?”

“አልሐምዱሊላህ። ወገብዎ እንዴት ሆነ?”

“ይመስገነው፣ ትናንት ትንሽ ተሽሎኝ ነበር። የእርስዎስ ጉልበት?”

ሰላምታው በአግባቡ አለቀ። የእኔ ግምት አራት ደቂቃ ነው፤ መዝገቡ አምስት ይላል።

“ግቡ እንጂ፣ በሩ ላይ ቆማችሁ!” አለች እትዬ ኤልዳና።

“ሐጂ ይቅደሙ” አልኩ።

“እኔ? እንግዳ እያለ?” አሉ ሐጂ። “አቶ ኬብሮን፣ ይግቡ።”

“በፍጹም! ታላቅ ቆሞ እኔ ልግባ?”

“እንግዳ እኮ ነዎት።”

“እንግዳ አይደለሁም፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። እትዬ፣ እርስዎ ይግቡ።”

“ተቀባይ ከእንግዳ ፊት ገብቶ ያውቃል?” አለች እትዬ ኤልዳና፣ ከልቧ ተቀይማ። “ኢዮስያስ፣ አንተ እንኳ ግባ!”

“እኔ እጄ በግራሶ ቆሽሿል። ሐጂ ሳይገቡ እንዴት ብዬ?”

ያን ጊዜ ከውስጥ የየሺ ድምፅ መጣ። “ቢጫ!” አለች።

እትዬ ኤልዳና ፊቷ በራ። “ሰማችኋት? ቀለም ለይታለች እኮ!”

“ማሻ አላህ!” አሉ ሐጂ። “በዚህ ዕድሜዋ!”

“ጎበዝ የኔ ቆንጆ!” አልኳት ገርበብ ባለው በር። ከዚያ ወደ ጉዳያችን ተመለስን። ሐጂ የአቶ ኬብሮንን ክንድ ያዙ፤ አቶ ኬብሮን የሐጂን ክንድ ያዘ፤ ሁለቱም ገፉ፣ ሁለቱም አልገቡም። እትዬ ኤልዳና ከኋላ ሁለቱንም ትገፋለች። በመሐል አቶ ኬብሮን የሐጂ አገር ወሎ መሆኑን ሰምቶ “የናቴ ወገኖችም እዚያው ናቸው” አለ፤ ስለ ወገኖቹ ጥቂት ተባለ።

“ቀይ!” አለች የሺ።

አጨበጨብንላት። አራታችንም።

ጭብጨባው ሳያልቅ የአቶ ኬብሮን የእጅ ሰዓት ጮኸ። ሰዓቱን አየው፤ እኛን አየን፤ የቆምንበትን ምንጣፍ አየ። በኮሪደሩ መስኮት ወደ ታች ስመለከት ሰማያዊዋ መኪና ቦታ ይዛ መብራቷን ብልጭ አደረገች።

ህሊና ስምንት ፎቅ በደረጃ ሮጣ ደረሰች።

“ማነው ከእሷ ጋር ያለው?”

“እኛ” አልን፣ ከኮሪደሩ ላይ።

በመካከላችን አልፋ ገባች፤ ለማንም “ይቅደሙ” አላለችም። ልጇን አንስታ ወጣች። የሺ ሳቅ ሳቅ ብሏታል፤ ተጨብጭቦላታልና። ህሊና ብትጮህብን ይሻል ነበር፤ አልጮኸችም። ለአቶ ኬብሮን ብቻ “ሦስተኛዬ ነው” አለችው።

አቶ ኬብሮን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ መመሪያውን ከፈተ። ረጅም ጊዜ አነበበ። ቀዩ በሰዓቱ ኃላፊ ላይ ይመዘገባል ይላል። የሰዓቱ ኃላፊዎች አራት ናቸው፤ አራተኛው እሱ ራሱ ነው።

“ሩብ፣ ሩብ ቀይ ይደርሰናል” አለ በመጨረሻ።

“ሩብ ቀይ የሚባል አለ እንዴ?” አልኩት።

“አለ አይልም። የለም የሚልም አላገኘሁም።” ላቡን ጠረገ። “ነገር ግን ጉድለቱ የአፑ አይደለም። አፗ የተባለችውን ሠርታለች። ጉድለቱ የነዋሪው ነው፤ የእኛ መልስ ግልጽ አይደለም።” ቀና ብሎ ህሊናን አየ። ሊረዳት እንደፈለገ ያስታውቃል፤ የሚያውቀው መርጃ ግን መመሪያ ብቻ ነው። “ነዋሪው በሠላሳ ቀን ይታረም። በሠላሳኛው ቀን አራታችን እንፈተናለን። ሁላችንም ካለፍን ቀዩ ይሰረዛል፣ አፗም ታልፋለች። አንዳችን ከወደቅን ግን አራቱ ሩብ ተሰብስቦ እናትየው ላይ ይቀመጣል።”

መኪናዋ አልሄደችም። ሠላሳ ቀን በራችን ላይ ቆመች። ልጆቹ ዙሪያዋን ድብብቆሽ ተጫወቱ።

ሥልጠናው ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሆነ። አሠልጣኟ አለሁ ናት። ህሊና ልመናውን አወጣችላት፤ አንዴ ትጠይቃለች፣ በሰጣችኋት መልስ ትሄዳለች። መጀመሪያ በብስኩት ጀመረች። “ብስኩት ይፈልጋሉ?” “ኧረ ጠገብኩ።” “አልፈለጉም።” ሳህኑ አለፈ። በዚያን ቅዳሜ ሠላሳ ሰው ተጠይቆ ሳህኑ ሙሉውን ተመለሰ። ቁርሱን ሳይበላ የመጣው አቶ ኬብሮን እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኘው። በሦስተኛው ቅዳሜ ሐጂ ሪያድ “አዎ፣ ሁለት” አሉ። ሰው ሁሉ አንገቱን አቀረቀረ፤ እሳቸውም ብስኩቱን ዞር ብለው ነው የበሉት።

ግልጽነቱ እየቆየ ሕንፃው ውስጥ ገባ። አንዱ ሊፍት ውስጥ “እንዴት አደርክ?” ሲባል “ጥሩ አላደርኩም” ብሎ መለሰ፤ እስከ ምድር ቤት ማንም አልተነፈሰም። አራተኛ ፎቅ ያለችው ሙሽራ ለአማቷ “ዛሬ ባይመጡ ደስ ይለኛል” አለቻቸው። አማትየውም “እኔም መምጣት አልፈለግሁም ነበር” አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ ሁለቱም በየቤታቸው ናቸው፤ ደስተኛ ናቸው አሉ፤ ማን ያውቃል።

የሁላችንም ሥጋት እትዬ ኤልዳና ነበረች። የእሷ ፈተና “አይ” ማለት ነው፤ በስልሳ ሁለት ዓመቷ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ማታ ማታ ደረጃው ላይ አለማምዳታለሁ።

“እትዬ ኤልዳና፣ ጨው ስጪኝ።”

“ውሰድ፣ ጓዳ ነው።”

“እምቢ በይ እንጂ!”

“ጨው እያለኝ?”

“ለልምምድ እኮ ነው!”

“ለልምምድስ ቢሆን፣ ጨው እያለኝ?”

“እትዬ፣ ካላልሽ የሺን ይወስዷታል” አልኳት አንድ ቀን። ክፉ ንግግር ነው፤ አውቃለሁ። ተነስታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። በሩ ውስጥ ለብቻዋ ስታንሾካሹክ ሰማኋት፤ ቃሉን ግን መለየት አልቻልኩም።

በሠላሳኛው ቀን አራታችን ህሊና ሳሎን ውስጥ ተቀመጥን። ለመግባት አልተገባበዝንም፣ አልተገፋፋንም፤ በመጣንበት ተራ ገባን። ህሊና መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። የየሺ ልብስ ታጥፎ በትንሽ ሻንጣ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ሁላችንም አይተን እንዳላየን ሆንን። የሺ ራሷ ሌሊቱን ጥርሷን አሟት አልተኛችም ነበር፤ ገና ስንቀመጥ ከሁላችን መርጣ እትዬ ኤልዳና ጭን ላይ ወጣች፤ አፍታም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰዳት።

አለሁ ጀመረች። “ሐጂ ሪያድ፣ ነገ ጠዋት ልጅ ይይዛሉ?”

“አዎ” አሉ ሐጂ፣ አፋቸውንም በእጃቸው ከደኑ። “አልፈዋል” ሲባሉ ፈጥነው ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ እዚያ ሆነው “ኢን ሻ አላህ” ሲሉ ሰማናቸው።

“ጋሽ ኢዮስያስ፣ ሊፍቱ ዛሬ ይሠራል?”

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ “ሊሠራ ነው” ስል ኖሬያለሁ። “አይሠራም” አልኩ። አለፍኩ፤ ግን አንድ ነገር ከውስጤ የተነቀለ መሰለኝ።

“አቶ ኬብሮን፣ ሥራዎን ይወዱታል?”

አቶ ኬብሮን ጣራውን አየ፣ ጫማውን አየ። “አይ” አለ። ራሱ ጻፈው፣ ራሱ ፈረመበት።

እትዬ ኤልዳና ቀረች። አንድ እጇ የሺ ጀርባ ላይ ነው፤ ሳታውቀው ቸብ ቸብ ታደርጋታለች።

“እትዬ ኤልዳና፣ አሁን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት የሺመቤትን ይይዙልኛል?”

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ወደ ጓዳው አየች፣ ወደ እኔ አየች፤ ዓይኔን ሸሸሁ። ህሊና የመስኮቱን ጠርዝ ጨብጣ እጇ ነጥቷል። የሺ በእንቅልፏ ውስጥ የነጠላውን ጫፍ ይዛ ወደ አፏ ወሰደችው።

“አልይዝም” አለች እትዬ ኤልዳና።

ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር የወጣው፤ ቃሉ ግን ሙሉ ነው።

“ግልጽ መልስ ነው” አለች አለሁ። “ተመዝግቧል። አራቱም አልፈዋል።” አቶ ኬብሮን አንድ ነገር ተጫነ። ከታች የሰማያዊዋ መኪና መብራት ሲጠፋ፣ ቀስ ብላ ስትሄድ በመስኮቱ ታየን። ህሊና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ አለቀሰች፣ ሳቀችም፣ ግን ልጇ እንዳትነቃ አፏን ይዛ ነው።

“እትዬ ኤልዳና ስለማይይዙ፣ ለየሺመቤት ሌላ ሰው እፈልጋለሁ” አለች አለሁ።

“ፈልጊ” አለች እትዬ ኤልዳና፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ የልጅቷን እግር እየሸፈነች።